የእንግዳ ሐቅና የጎረቤት ሐቅ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ጎብኚ በሚበዛባቸው ከተሞች ብዙ እያከራከረ ያለ ነው። ይኸውም መኖሪያ ቤትን በኢንተርኔት አስተዋውቆ ለጥቂት ሌሊቶች ለአገር ጎብኚ ማከራየት ነው። የከተማ አስተዳደሮች ይህንን በሕግ ሲገድቡ አንዳንዱ «ሰው በገዛ ቤቱ ማን ያዝበታል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «እኛስ የት እንኑር?» ብሎ ይመልሳል። እኛስ እንደ ሙስሊም ጉዳዩን እንዴት እንየው?

በቅድሚያ የስፔኗን ባርሴሎና እንመልከት። በዚያች ከተማ አፓርታማን ለጎብኚ ማከራየት የሚቻለው በፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ከንቲባው ዣውማ ኮልቦኒ የ10,101 አፓርታማዎች ፈቃድ እስከ ኖቬምበር 2028 ድረስ እንደሚያበቃና እንደማይታደስ አስታወቁ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ በአሥር ዓመት ውስጥ የቤት ኪራይ በ68 በመቶ፣ የቤት መሸጫ ዋጋ ደግሞ በ38 በመቶ መጨመሩን ጠቅሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎብኚ በሌሊት የሚከፍለው ሂሳብ ሲደመር ነዋሪ በወር ከሚከፍለው ይበልጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ነዋሪውን አስወጥቶ ለጎብኚ ማከራየት ያዋጣዋል። ቤቱ ከነዋሪው እጅ ሲወጣ የቀሩት ቤቶች ይወደዳሉ፤ በአነስተኛ ደመወዝ የሚኖረው ሠራተኛ ወደ ከተማው ዳር ይገፋል። እዚያው የቀረውም ቢሆን በየሳምንቱ የሚለዋወጥ እንግዳ እንጂ ጎረቤት አይኖረውም። በሌላ በኩል አከራዮቹ «ቱሪዝም የከተማው እንጀራ ነው፤ ችግሩ በቂ ቤት አለመሠራቱ ነው» ይላሉ። ይህም ጨርሶ የሚናቅ ክርክር አይደለም።

ሌሎች ከተሞች ሁሉን ከመዝጋት ይልቅ ለይተው ፈቅደዋል። አምስተርዳም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሰው የሚኖርበትን ቤት ለጎብኚ የሚያከራይበትን ጊዜ በዓመት በ30 ሌሊት ወሰነች። ኒውዮርክም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ፣ ራሱም በቤቱ እንዲገኝ፣ ከሁለት እንግዳ በላይም እንዳይቀበል የወጣውን ሕግ ማስፈጸም ጀምራለች። ቤቱን ከእንግዳ ጋር የሚጋራ ሰውና መኖሪያን ወደ ሆቴል የሚለውጥ ሰው በእነዚህ ሕጎች ፊት አንድ አይደሉም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እስልምና የሰውን ንብረት ያከብራል፤ በሐላል ማከራየትም የተፈቀደ ነው። እንግዳን ማክበርንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኢማን ጋር አያይዘውታል። ነገር ግን የእንግድነት ጊዜ ሦስት ቀን መሆኑን፣ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቆየት እንደማይገባው አስተምረዋል። ለእንግዳም ወሰን አለው ማለት ነው። የጎረቤትን ሐቅ በተመለከተ ደግሞ ጂብሪል (ዐ.ሰ) አደራውን ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሳ ጎረቤትን ወራሽ ያደርገዋል ብለው እስኪያስቡ ድረስ እንደደረሱ ነግረውናል። ዑለማእም በሌላው ላይ ጉዳት ማድረስን የሚከለክለውን ሐዲስ ለብዙ ፍርዶች መሠረት አድርገውታል።

የቤት ኪራይና የመንገደኛ ጉዳይ ለፊቅህ ሊቃውንቶቻችን አዲስ አይደለም። ከሱረቱል ሐጅ 25ኛው አንቀጽ በመነሳት በመካ ቤቶች ኪራይ ላይ በሰፊው ተወያይተዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሐጃጆች ባሻቸው ቦታ ያርፉ ዘንድ የመካ ሰዎች ለቤቶቻቸው በር እንዳያበጁ ማዘዛቸው ተዘግቧል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በሐጅ ወቅት የመካን ቤቶች ማከራየትን መጥላታቸው ይነገራል። ኢማም ሻፊዒይ በበኩላቸው ቤቱ የባለቤቱ ንብረት ነው ብለው ፈቅደዋል፤ ዑመር ራሳቸው በመካ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት ከሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ መግዛታቸውም ለዚህ አቋም በማስረጃነት ይጠቀሳል።

የመካ ሑክም ለሐረሙ ክብር የተለየ መሆኑን አንዘነጋም። እዚያ ጥበቃ የተፈለገለት መንገደኛው ነበር፤ ባርሴሎና ውስጥ ደግሞ ነዋሪው ነው። ሆኖም ሰው በሚጨናነቅበት ከተማ የቤት ኪራይ የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ቀደምቶቻችን ተረድተውታል። ስለዚህ «ሕጉ ሐላሌን ከለከለኝ» ብሎ ከመቆጣት በፊት «የኔ ትርፍ የማንን መጠለያ ነካ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታችኋል። ከእኛው መካከል ኪራይ የሚወደድበትም፣ ትርፍ ክፍሉን አከራይቶ ልጆቹን የሚያሳድግም አለና። የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ ሳያውቅ ለጎብኚ ማከራየት አማናን ማጉደል ነው። ከተማው ምዝገባና ግብር ከጠየቀ በገባነው ቃል መሠረት እንፈጽም። እንግዳ ከመቀበላችን በፊት ጎረቤታችንን እናናግር፤ እንግዳውም በሌሊት እንዳይረብሽ አስቀድመን እንንገረው። እኛም መንገደኛ ስንሆን ፈቃድ ያለውን ቤት እንምረጥ።

ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ጎረቤትን አስለቅሶ በሚገኝ ገንዘብ ውስጥ በረካ አይፈለግም። አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ መጠለያ ላጣ ሁሉ መጠለያ ይስጥ፤ መልካም ጎረቤቶችም ያድርገን። አሚን።