ከሺህ ሦስቱ

ክንዱ የተሰበረ ሕፃን ድንገተኛ ክፍል ሲገባ አጥንቱ ከመቅናቱ በፊት ኬታሚን ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስረሳዋል፣ ትንፋሹን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። የዛሬው ክርክሬ የሚነሣው ከዚሁ አስተማማኝነቱ ነው፦ ትንፋሽ የመዝጋት አደጋው ብርቅ ስለሆነ በሥራ ላይ ሊለመድ አይችልም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በማስመሰል ልምምድ መለመድ አለበት።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን መረጃ አሰባስቦ 8,282 ሕፃናትን የመረመረ ሥራ፣ በኬታሚን ምክንያት ማንቁርታቸው የተዘጋባቸው 0.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ከሺህ ሦስት መሆናቸው ነው። በዓመት መቶ ሕፃናትን የሚያስተኛ ሐኪም እንኳ ይህን የሚገጥመው በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በገጠመው ዕለት ግን ደረቱ እየታገለ አየር የማይገባለት ሕፃን ከፊቱ ተኝቷል፣ ያለው ጊዜም አጭር ነው። ኦክስጅን አስቀድሞ ከተሰጠው በጣቱ ላይ የተሰካው መለኪያ ቁጥር ዘግይቶ ስለሚወርድ፣ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይታለላል። አገጩን ወደ ፊት መግፋት፣ ጭምብሉን አጥብቆ በአምቡ ባግ ኦክስጅን በግፊት መስጠት፣ እንቢ ካለ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት መውጋት፤ ቅደም ተከተሉን መጽሐፍ ያስተምራል፣ እጅ ግን በመደጋገም ካልሆነ አይማረውም።

«ይህ የሀብታም አገር ትምህርት ነው» የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለው ሥልጠና ውድ ማሽን ብቻ እንደሚጠይቅ ማሰባቸው ግን ስሕተት ነው። ብዙ ዓለም ትንፋሽ መስጠትን የተማረባት ሬሳሲ አን፣ ኖርዌያዊው አሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ሌርዳል አዘጋጅቶ በ1960 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያበቃት የፕላስቲክ አካል ናት። እንዲያውም ልምምዱ ሕፃናቱ በሚታከሙበት ክፍል፣ በዚያው ቁም ሣጥንና በዚያው ቡድን ቢደረግ ይበልጥ ይጠቅማል። የሕፃን ጭምብል አለመኖሩ፣ የሳክሽኑ ገመድ ሶኬት አለመድረሱ የሚታወቀው ያኔ ነውና። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሉኝታችን ነው። የሕፃኑ ትንፋሽ መቆሙን መጀመሪያ የምታየው ብዙ ጊዜ ከራስጌው የቆመችው ነርስ ናት፤ ሐኪሙ በአጥንቱ ተጠምዷል። «ዶክተር፣ ይቁሙ፤ አይተነፍስም» ብሎ ጮክ ማለት ለብዙ ነርሶቻችን ድፍረት መስሎ ይታያል። ድፍረት ሳይሆን ግዴታ መሆኑን ሐኪሙም ነርሷም አብረው ካልተለማመዱት በትእዛዝ አይመጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ በልምምድ የተሻለ ሁሉ በሕመምተኛ ላይ ይሻላልን? በ2011 እ.ኤ.አ. 609 ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ፣ በማስመሰል የሚሰጥ ትምህርት ዕውቀትንና ክህሎትን በእጅጉ እንደሚያሳድግ፣ በሕመምተኞች ላይ የሚታየው ውጤት ግን መካከለኛ መሆኑን አስፍሯል። ይህን ልዩነት መሸፋፈን አይገባም። ልምምዱን የሚያስተባብር ክፍል የሠልጣኝ ፈተና ውጤት መመዝገብ አይበቃውም፤ ከትንፋሹ መቆም እስከ መጀመሪያው የአምቡ ባግ ጭመቃ ያለፈውን ሰከንድ፣ በልምምዱም በእውነተኛው ሕክምናም፣ በአንድ መዝገብ ይጻፍ።