ባቡር የወለዳት ከተማ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ሶዶ ላይ ተሰብስበን ስለ ድሬዳዋ መናገራችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ብልህ ከሰው ስሕተት፣ ሞኝ ከራሱ ስሕተት ይማራል ይባላልና እስቲ ጥቂት ታገሡን።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ በዚያም ከተማ በቀለ። አዲስ አበባ የገባው ቆይቶ በ1909 ዓ.ም. ነው። በድሬዳዋ የባቡሩ መጠገኛ፣ ኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ተተከሉ። የባቡሩ ሠራተኛ ፈረንሳይኛ እየተናገረ ብረት ይበይድ፣ የተሰበረውን ይጠግን፣ ሙያውንም ለልጁ ያወርስ ነበር።

ውድቀቱ ባንድ ቀን አልመጣም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ሐዲዱን ጎዳው፤ የጭነት መኪናም ዕቃውን ቀማው፤ መለዋወጫ ጠፋ፤ ሎኮሞቲቩ አረጀ። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚመላለሰው ባቡር ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪኩ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ሥራውን የመሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። የቀድሞው መካኒክ የሚያውቀው ሞተር እዚያ አልነበረም።

እንግዲህ የሞተው ምንድር ነው? ባቡርማ አለ፤ ድሬዳዋም ዛሬ ፋብሪካ አላጣችም። የሞተው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው ሙያ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው ዋዱ ለወላይታ ገበሬ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር አቀረበ። ከውጭ የመጣው ገንዘብ ሲያልቅ ግን ሥራውም አብሮ ተዳከመ። ዛሬም የወላይታ ልጅ ለሽመናና ለሊስትሮ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ይሰደዳል። ድሬዳዋ ልጆቿን የሸኘችው መጠገኛዋ ጸጥ ካለ በኋላ ነው፤ ሶዶ ግን ፋብሪካ ሳይዘጋባት ትሸኛለች።

ስለዚህ ፋብሪካ ይምጣልን ብለን በጠየቅን ቁጥር ሦስት ጥያቄ እናስከትል። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የአገሬው ልጅ ምን ይማርበታል? ባለቤቱ ሲሄድስ እዚህ ምን ይቀራል? የመኪናው ብልሃት በእጃችን ካልገባ ግንቡ ብቻውን ከተማ አያኖርም።

እኛም ዲግሪያችንን ጠቅልለን የመጀመሪያውን አውቶቡስ የምንጠብቅ ከሆነ፣ ትቶን በሄደው ባቡር ላይ ለመፍረድ ምን አፍ አለን?