ፎቶግራፍ ወደ ኢንተርኔት ሲጫን ስለምን ይዘገያል?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት ከመካከላችን ለተለዩት አባሎቻችን ነፍስ ይማር እያልኩ፣ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን እመኛለሁ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት ኮሚቴው ስለ ፎቶግራፉ ጉዳይ ጥቂት እንድናገር ስላዘዘኝ ነው። እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ መሐንዲስም አይደለሁም። ነገር ግን የሥራ ዘመኔን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስለጨረስኩ፣ አንድ ማኅደር ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ሌላው ክፍል እስኪደርስ የት የት ላይ እንደሚቆም መከታተል የለመድኩት ነገር ነው። የፎቶግራፉም ጉዳይ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እንደምታውቁት የዕድራችን የፎቶግራፍ ማኅደር የተከፈተው ጉግል ፎቶስ በሚባለው የኢንተርኔት ጋለሪ ውስጥ ነው። ይኸም የቅንጦት ነገር አይደለም። ከልጆቻችን ብዙዎቹ በዋሽንግተን፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ይኖራሉ። እናቱ ስታርፍ መምጣት ያልቻለ ልጅ፣ ድንኳኑን፣ ለቀስተኛውንና ግብዓተ መሬቱን ቢያንስ በፎቶ ማየት ይፈልጋል። በዓይኑ ካላየ እርሙ አይወጣለትም። ታዲያ ሠልስት አልፎም ፎቶው አልደረሰም ይባላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሳችን አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም» እንላለን።

ይኸ መልስ አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚያዘገየው የጭነቱ ክብደትና የመንገዱ ጥበት ነው፤ ሁለቱንም እኛው በየቤታችን ልናቃልላቸው እንችላለን። ዛሬ የምናገረው ይኸንኑ ነው።

ስለ ክብደቱና ስለ መንገዱ

አሁን ባሉት ስልኮች የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋ ባይት ይመዝናል። ፉል ኤችዲ የሚባለው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ ከ60 እስከ 130 ሜጋ ባይት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከፎቶዎቹ መካከል አንድ ቪዲዮ ከገባ፣ በጠባብ በር ላይ ሶፋ እንደ ማግባት ነው፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ኢንተርኔት መውረጃና መውጫ አለው። ፊልም ስናይ የምንጠቀመው በመውረጃው ነው፤ ፎቶ ስንልክ ግን በመውጫው ነው። በብዙ ቤቶች፣ በተለይም በስልክ ሽቦ በሚገባው ኤዲኤስኤል በተባለው መስመር፣ መውጫው ከመውረጃው እጅግ የጠበበ ነው። «ፊልሙን ሳይቆራረጥ እያሳየኝ ፎቶውን ለምን እምቢ አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋ ቢት ሲሆን፣ የፎቶ ክብደት የሚነገረው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። 4 ሜጋ ባይት የሚመዝን ፎቶ 32 ሜጋ ቢት ይሆናል። መውጫው በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ለአንዱ ፎቶ 32 ሴኮንድ፣ ለ100 ፎቶ ደግሞ 53 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። እነዚያው ፎቶዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜጋ ባይት ቢሆኑ ኖሮ፣ 100ው በሙሉ 7 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃሉ። ይኸም መንገዱን ሌላ ሰው ሳይጋራ ነው።

ስለ ምርመራው

ፎቶ አልሄድ ሲል ስልኩን ማጥፋትና ማብራት ብቻ አይበቃም። በተራ መመርመር ያሻል።

አንደኛ፣ መንገዱን መለካት ነው። ስፒድቴስት የሚባለው መለኪያ ሁለት ቁጥር ያሳያል። «ዳውንሎድ» የሚለውን ትታችሁ «አፕሎድ» የሚለውን እዩ። በመጀመሪያ በዋይፋይ ለኩ፤ ቀጥሎ ዋይፋዩን ዘግታችሁ በሞባይል ዳታ ለኩ። የተሻለውን ትጠቀማላችሁ። ሁለቱም ደህና ሆነው ፎቶው ካልሄደ፣ ችግሩ ያለው ከመንገዱ ሳይሆን ከስልኩ ወይም ከጋለሪው ነው ማለት ነው። ብቻ መለካቱ ራሱ ዳታ ስለሚበላ ፓኬጅ ገዝታችሁ የምትጠቀሙ አታብዙት።

ሁለተኛ፣ ወደ ዋይፋዩ መሣሪያ መቅረብ ነው። መሣሪያው ሳሎን ሆኖ እኛ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ብንልክ፣ መሐል ያለው ግድግዳ ጉልበቱን ይጨርሰዋል። አንዳንዱ መሣሪያ 2.4 እና 5 የሚሉ ሁለት ስሞች ያሳያል። 5 የሚለው በቅርብ ላለ ሰው ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ይደክማል። 2.4 የሚለው ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ሆኖም ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር ይጨናነቃል። በተጨማሪም በቤት ውስጥ ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት ቪዲዮ እየላከ እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የስልኩን ትእዛዝ ማየት ነው። ጋለሪው «በዋይፋይ ብቻ ጫን» ተብሎ ከታዘዘ፣ ከዋይፋይ ውጭ ስንሆን ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኛ ግን የዘገየ ይመስለናል። ባትሪ ቆጣቢው ሲበራም መጫኑን የሚያቆም ስልክ አለ። ስለዚህ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ፣ ጋለሪውን ከፍታችሁ ተዉት። ቪፒኤን የሚባለው ከተከፈተም መንገዱን ስለሚያስረዝም ዝጉት።

አራተኛ፣ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ጉግል ፎቶስ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ መጠኑ ተቀንሶ የሚገባ ፎቶ ያለ ገደብ በነፃ ይቀመጥ ነበር። ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አዲስ የሚገባው ሁሉ ከ15 ጊጋ ባይቱ ነፃ ቦታ ላይ ይቆጠራል፤ ኢሜሉም ከዚያው ላይ ነው የሚቆጠረው። 4 ሜጋ ባይት በሚመዝን ፎቶ ብናሰላው 3,700 ያህል ፎቶ ይይዛል። ከሞላ ነገሩ መዘግየት አይደለም፤ ጭራሹኑ መቆም ነው።

አምስተኛ፣ ጭነቱን ማቃለል ነው። ከአንድ ለቅሶ 100 ፎቶ ተነሥቶ እንደሆነ፣ ተመሳሳዩን ትታችሁ 20ውን ምረጡ። ቪዲዮውን ለብቻው ወደ ኋላ አቆዩት። ለዚያው ቀን የሚፈለገውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ብትልኩት፣ እሱ ራሱ አቅልሎ ስለሚልከው ቶሎ ይደርሳል። እንደ ፋይል የተላከ ግን ከነክብደቱ ነው የሚሄደው። ዋናው ፎቶ ሌሊት ሰው ሲተኛ ወደ ጋለሪው ይግባ። ዋሽንግተን ከኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ እኛ ተኝተን የሚገባውን እነሱ ገና ሳይተኙ ያዩታል። ጥሩምባው ይቀድማል፣ መዝገቡ ይከተላል እንደማለት ነው።

ሳይደርስ እንዳይጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመጣ ነው። መዘግየት ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው፣ የዘገየውን ደርሷል ብሎ ማጥፋት ነው።

ከአባሎቻችን መካከል ስማቸውን የማልጠራቸው አንዲት እናት፣ ስልካቸው ሞልቶ አልሠራ ሲላቸው፣ «ጋለሪው ውስጥ ገብቷል» ተብሎ የባለቤታቸው ፎቶ በሙሉ ከስልኩ ተጠረገ። በኋላ ሲታይ ከ200 በላይ ከሆነው ፎቶ ውስጥ የደረሰው 31 ብቻ ነበር። የቀረው ተራ እየጠበቀ ሳለ ነው የጠፋው። ለአርባው በፍሬም የሚሆን አንድ ደህና ፎቶ ታጥቶ፣ ከመታወቂያቸው ላይ ተነሥቶ ተሠራ። እኒያ እናት እስከ ዛሬ ያንን ፍሬም ባዩ ቁጥር «እሱ እንዲህ አልነበረም» ይላሉ። ልጃቸውን መውቀስ አይገባም፤ ያስቸገራቸውን ስልክ ሊያቃልልላቸው ብሎ ነው ያደረገው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናስታውስ። መጀመሪያ፣ ጋለሪው «ተጠናቋል» ሳይል ከስልክ ምንም አይጥፋ፤ በሌላ ሰው ስልክ ተከፍቶ ቢታይ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። ሁለተኛ፣ ከስልኩ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ጋለሪው ራሱ ያዘጋጀውን ቦታ ማስለቀቂያ ተጠቀሙ፤ እሱ የሚያነሣው የደረሰውን ብቻ ነው። በጋለሪው ውስጥ ገብቶ በእጅ ማጥፋት ግን ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ነው የሚያጠፋው። ሦስተኛ፣ በስሕተት የጠፋ ካለ ቶሎ የጋለሪውን ቅርጫት እዩ። ደርሶ የነበረ ፎቶ እስከ 60 ቀን፣ ያልደረሰ እስከ 30 ቀን ድረስ ከዚያ ሊመለስ ይችላል። ጊዜው ካለፈ ግን መመለሻ የለውም።

በመጨረሻም ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በየለቅሶው ፎቶውን አንድ ሰው ብቻ እንዳይሸከም፣ ሦስት ወይም አራት ወጣቶች ተካፍለው እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ይጫኑ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። የደረሰውንም ቁጥር ለጸሐፊው ያስመዝግቡ፤ ከተነሣው ስንት ደረሰ፣ ስንት ቀረ የሚለው በመዝገብ ይታይ። ደግሞም የጋለሪው ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ፣ ኀዘንተኛው ሳይፈቅድ የሚያለቅስ ሰው ፊት አይጫን።

ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ቀብር እናስፈጽማለን። ሩቅ አገር ሆኖ ያልቀበረው ልጅ ደግሞ የወላጁን ሽኝት እንዲያይ ማድረግ፣ የዚሁ የዕድር ሥራችን ክፍል ነው እላለሁ።