መኪናዬ ደህና ናት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በአባላት መድረክ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ በረካው እስኪደርስ ነው፤ ስለዚህ አላረዝምም። አስተባባሪዎቹ «ለአባላት የሚጠቅም ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ «ስለ ባሌት እናገራለሁ» አልኳቸው። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ በትሕትና «ስለ ደም ግፊት ብትናገሪስ?» አለችኝ። ስለ ደም ግፊት የሚናገሩ ነርሶች በመካከላችን ሞልተዋል። እኔ የማወራው ስለ አንድ የዳንስ ቡድን ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህን ማኅበር የሚመለከት አንድ ኑዛዜና አንድ ሐሳብ አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ባሌ እፈልጋለሁ» አለችኝ። እዚህ አገር እንደዚያ ነው የሚሉት፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ይውጧታል። እናቴ ያን ጊዜ ከአገር ቤት መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። መቁጠሪያዋን አስቀምጣ «በስመ አብ! ይቺ ልጅ ገና በስምንት ዓመቷ ባሏን ትጠይቃለች?» አለች። ሳቅን። ነገሩን ስናስረዳት ግን ሳቋ ቆመ። «ጭፈራ ለመማር ገንዘብ ይከፈላል?» አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። በእኛ ቤት ጭፈራ ለሠርግ ነው፤ ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው ደግሞ ስሙ አያምርም ነበር።

ሐሳቤን የቀየረው «ዳንስ ቲያትር ኦቭ ሃርለም» የሚባል የባሌት ቡድን ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ትኬት ሰጠችኝ፤ እዚሁ ዋሽንግተን ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር እሄዳለሁ።

ብዙ ሰው ባሌት ሲባል ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች እንደ ወፍ የሚበሩበት ረጅም ተረት ይመስለዋል። እንዲህ ያለም አለ። ይህ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ግን ቅይጥ መርሐ ግብር ነው፤ በአንድ ምሽት ሦስት ወይም አራት አጫጭር ሥራዎች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ የተለያየ ሰው የደረሰው፣ ሙዚቃውም ልብሱም የተለያየ። እኛ በየዓይነቱ እንደምንለው ነው። ምስሩን ባትወጂው ጎመኑ አለልሽ። አንዱ ሥራ ካልገባሽ ሃያ ደቂቃ ታግሠሽ ሌላውን ታያለሽ። ለእንደ እኔ ያለ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር የለም።

አሁን ቡድኑ እንዴት እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አርተር ሚቼል በ1934 በኒውዮርክ፣ በሃርለም ሰፈር ተወለደ። በ1955 «ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት» የተባለውን ታላቅ ቡድን ተቀላቀለ፤ በዚያ ቡድን ወደ ዋና ዳንሰኝነት ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊም ሆነ። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ሚቼል ብራዚል ውስጥ የባሌት ቡድን ለማቋቋም ይመላለስ ነበር። መርዶውን ሲሰማ፣ የተወለደበት ሰፈር እያለ ሌላ አገር መሄዱ ትርጉም አጣበት። ወደ ሃርለም ተመለሰና በአንድ ጋራዥ ውስጥ ልጆችን ማስተማር ጀመረ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ እንዲያይ በሩን ክፍት ይተወው ነበር። ወንዶቹ ልጆች ታይት መልበስ ሲያፍሩ የተቆረጠ ጂንስ ለብሰው እንዲማሩ ፈቀደላቸው። ሠላሳ ያህል ልጆች ይዞ የጀመረው ትምህርት በጥቂት ወራት ውስጥ መቶዎች ደረሰ። በ1969 ከቀድሞ መምህሩ ከካረል ሹክ ጋር ሆኖ ትምህርት ቤቱንና ቡድኑን በይፋ መሠረተ።

ካየኋቸው ሥራዎች ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው «ሪተርን» ይባላል፤ ሮበርት ጋርላንድ በ1999 የደረሰው ነው። ሙዚቃው የጄምስ ብራውንና የአሬታ ፍራንክሊን ነው። ዳንሰኞቹ ቀጥ ብለው በጣታቸው ጫፍ ይቆማሉ፤ እግራቸው ሕጉን አክብሮ የተማረውን ይሠራል። ከዚያ ድንገት ወገባቸው ሌላ ነገር ይናገራል፤ ትከሻቸውም ይነቃል። እኔ ትከሻ ሲነቃ አውቃለሁ፤ ጎንደሬ ነኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሰውዬ እግራቸውን መሬት ላይ ይመቱ ነበር፤ ማንም ዝም ይበሉ አላላቸውም። ባሌት በጸጥታ የሚታይ የባለጠጎች ነገር ነው የሚለው ሐሳቤ ያን ማታ ፈረሰ።

ሁለተኛው «ፓሴጅ» ነው። ክላውዲያ ሽራየር የደረሰችው፣ ጄሲ ሞንትጎመሪ ሙዚቃውን የጻፈችለት፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው፣ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን በባርነት ወደ ቨርጂኒያ የመጡበትን አራት መቶኛ ዓመት ለማስታወስ ነው። መድረኩ ላይ መርከብም ሰንሰለትም አላየሁም። ሰዎቹ አብረው ሲሄዱ፣ ሲበተኑና መልሰው ሲሰበሰቡ ግን ባሕር ይታያል። ከእኛ መካከልም ባሕር ያሻገረው ዘመድ ያላት፣ ወይም ባሕር ያስቀረው ዘመድ ያላት አለች። ይህን ሥራ ሳይ ማን ትዝ እንዳለኝ አልናገርም፤ ማልቀሴን ግን አልደብቅም።

ሦስተኛው ለእኛ የሚቀርብ ይመስለኛል። «ሳውንድስ ኦቭ ሄዘል» ይባላል፤ ቲፋኒ ሪያ ፊሸር የምትባል ሴት የደረሰችው ሲሆን በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ ስለ ሄዘል ስኮት ነው። ዳንሱ ሕይወቷን አንድ በአንድ አይተርክም፤ እኔ ታሪኳን ያነበብኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሄዘል ትሪኒዳድ ተወልዳ በልጅነቷ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ሃርለም ገባች። ሙዚቀኛ የነበረችው እናቷ መጀመሪያ ላይ በሰው ቤት ሠራተኝነት ነበር የምትኖረው፤ ኋላ ሳክስፎን ተምራ የሴቶች ባንድ መሪ ሆነች። ልጅቷን ስምንት ዓመት ሲሆናት ጁሊያርድ ለሚባለው ታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቀረበቻት። ለመደበኛው ትምህርት ዕድሜዋ አልደረሰም፤ ችሎታዋን የሰማ መምህር ግን በግሉ ሊያስተምራት ተቀበላት።

ሄዘል አድጋ ዝነኛ ሆነች። በ1943 በአንድ ፊልም ውስጥ ስትሠራ፣ ወደ ጦርነት የሚዘምቱ ወንዶቻቸውን የሚሸኙት ጥቁር ሴቶች ቆሻሻ ሽርጥ እንዲለብሱ ተደረገ። ሄዘል «የትኛዋ ሴት ናት ባሏን በቆሻሻ ሽርጥ የምትሸኘው?» በሚል ስሜት ሥራ አቆመች። ለእሷ የተሰጣት ልብስ ያማረ ነበር፤ የተቆጣችው ለሌሎቹ ነው። ሦስት ቀን ቆየች፤ ሽርጡ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ግን የሆሊውድ በር ተዘጋባት። በ1950 በራሷ ስም የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች፤ በዚያው ዓመት ኮሚኒስት ናት የሚል ውንጀላ መጣባት። በፈቃዷ ምክር ቤቱ ፊት ቀርባ ተከራከረች፤ ፕሮግራሙም ብዙ ሳይቆይ ተሰረዘ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሽርጥ ለብሳ እንጀራዋን ያልበላች ብዙም የለችም። ስለዚህ ይህን ታሪክ እንድታውቁት ፈለግሁ።

ወደ ገንዘብ ልምጣ፤ የማኅበር ስብሰባ ላይ ነንና።

ባሌት ውድ ነው። በጣት ጫፍ የሚቆሙበት ጫማ አንዱ ጥንድ መቶ ዶላር አካባቢ ያወጣል፤ ለባለሙያ ዳንሰኛ በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል። ቀለሙ ደግሞ ለዘመናት ለነጭ ቆዳ የተመረጠ ሮዝ ነበር። የሃርለሙ ቡድን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እያንዳንዱ ዳንሰኛ የራሱን ቆዳ የሚመስል ታይትና ጫማ እንዲያደርግ ወሰነ። ለዚህም ጫማውን በቀለም ወይም በፊት ፋውንዴሽን መቀባት ነበረባቸው። የታወቀው የለንደን ጫማ ሠሪ ፍሪድ ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ጫማ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው በ2018 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥቁር ዳንሰኛ ከነጭ ባልደረባዋ የበለጠ ገንዘብና ሰዓት ታወጣ ነበር ማለት ነው።

ቡድኑም ራሱ በገንዘብ ተፈትኗል። በ2004 ዕዳው ከሁለት ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ዳንሰኞቹ ተበተኑ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ዝናው ዓለምን የዞረው ቡድን መድረክ አጣ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ማስተማሩን ቀጠለ። ልጆቹ እየመጡ ይማሩ ነበር። ስምንት ዓመት እንዲህ ቆዩ። በ2012 ቡድኑ ሲመለስ ዳንሰኞቹ አሥራ ስምንት ብቻ ነበሩ፤ ከቀድሞው ግማሽ አይሞሉም። የመራችው ቨርጂኒያ ጆንሰን ነበረች፤ የዚሁ የዋሽንግተን ልጅ ናት፤ ቡድኑ ሲመሠረት ከነበሩት ዳንሰኞች አንዷ። በ2021 ደግሞ ከማኬንዚ ስኮት አሥር ሚሊዮን ዶላር ስጦታ አገኙ። ለጋሾቻችን ይህን ስሰማ ምን እንዳሰብኩ ይገምታሉ። እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ስለ እነዚያ ስምንት ዓመታት ነው። በክፉ ቀን የሚታየውን ትተው የሚበቅለውን ጠበቁ።

አሁን ኑዛዜዬ።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ለክረምት የዳንስ ሥልጠና ተመረጠች። ክፍያው ስምንት መቶ ዶላር ነበር፤ አልነበረኝም። የማኅበራችንን የብድር ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ ላይ የተፈቀዱት ምክንያቶች ሕክምና፣ የቤት ኪራይ፣ የመኪና ጥገናና የትምህርት ክፍያ ናቸው። «ትምህርት» ብዬ ብጽፍ ምን ትምህርት እንደሆነ እጠየቃለሁ፤ «ዳንስ» ብል ደግሞ ኮሚቴው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔው ራሴ ኮሚቴ ብሆን የምለውን አውቃለሁ። «የመኪና ጥገና» ብዬ ጻፍኩ።

ብድሩን በአሥር ወር ከፈልኩ፤ አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ክፍያ ልሰጥ በመጣሁ ቁጥር ግን ገንዘብ ያዣችን፣ ደግ ሴት ናቸው፣ «የኔ ልጅ፣ መኪናሽ እንዴት ሆነች?» ይሉኝ ነበር። «ደህና ናት እትዬ፣ እየሮጠች ነው» እላለሁ። አሥር ጊዜ ዋሸኋቸው። እትዬ፣ እዚያ ተቀምጠው ሲስቁ አያለሁ፤ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

«ልጅሽ ታዲያ የት ደረሰች?» የምትሉ አላችሁ። ባሌሪና አልሆነችም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ በቃኝ ብላ ተወችው። ያን ቀን ያለቀሰችው እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ፤ ስምንት መቶው ዶላር ነበር ዓይኔ ላይ የሄደው። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ይቺ ልጅ ሲያርሟት አትሸማቀቅም። አስተማሪ «እንደገና» ሲላት እንደ ስድብ አትቆጥረውም፤ እንደገና ትሠራለች። ሥራ ለመጠየቅ ስትገባ ቀጥ ብላ ትገባለች። እኔ በአርባ ዓመቴ ያልቻልኩትን ነው። ደግሞ ያን መድረክ ስታይ ቆዳዋን የሚመስሉ ሰዎች በትልቅ ቤት ውስጥ በክብር ቆመው አይታለች።

«ይህ የእኛ አይደለም» ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ይዞ ትልቅ የዳንስ ትርኢት አሳየ። ከዚያ «አዱኛ» የተባለው የዘመናዊ ዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ከዚያ የወጡ ልጆች በውጭ አገር መድረክ ጭምር ሠርተዋል። እኛ እዚህ «ጭፈራ ሥራ ነው ወይ?» ስንባባል አገር ቤት ያሉት ቀድመውናል።

ሐሳቤ ይህ ነው። በብድር ቅጻችን ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የልጆች የጥበብና የስፖርት ሥልጠና»። ገደብ ይኑረው። ከስድስት መቶ ዶላር አይለፍ፤ እናቲቱ ከክፍያው ሲሶውን ራሷ ታዋጣ፤ ቢያንስ ስድስት ወር የቆጠበች ትሁን። የቤት ኪራይና የሕክምና ጥያቄ ካለ ያ ይቅደም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ጣሪያ የሌለው ልጅ ጫማ አያስፈልገውም። ለጋሾቻችን ደግሞ ለዚህ የሚውል ትንሽ ገንዘብ ለይተው ቢሰጡ ከዋናው የብድር ሣጥን ሳንነካ መጀመር እንችላለን።

ልጆቻችን ሁሉ ዳንሰኛ ይሁኑ እያልኩ አይደለም። አንዷ ቅርጫት ኳስ፣ አንዱ ክራር፣ ሌላዋ ሥዕል ትወድ ይሆናል። የምለው፣ እናት ለልጇ መልካም ነገር ስታደርግ ስለ መኪና መዋሸት የለባትም ነው።

በረካው ደርሷል። ቅጹ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የምትደግፉም የምትቃወሙም ስማችሁን ጻፉበትና በሚቀጥለው ስብሰባ እንወያይ። እትዬ፣ መኪናዬ እውነትም ደህና ናት።