የበሽታው ስም አንድ፣ ዓይነቱ ግን ብዙ
(ስለ ፈረስ በሽታና ስለ ሞሌኪውላዊ ሥነ ሕይወት አገልግሎት የተደረገ ንግግር)



ስለ ባክቴሪያና ስለ ቫይረስ ሞሌኪውላዊ ሥነ ሕይወት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ መስሎ እንዳይታይ በማሰብ ምሳሌዬን ከአዊ አገር፣ ከፈረስ ለማንሣት ወደድሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ የሚታሰቡት በዐድዋ የተዋደቁት አርበኞች ብቻ ሳይሆኑ አብረዋቸው የዘመቱት ፈረሶችም ናቸው። ከበዓሉም ውጭ ፈረስ በደጋው ሞፈር ይጎትታል፤ ጭነት ይሸከማል፤ ከዳንግላና ከእንጅባራ ገበያ ሰውንና እህልን ያመላልሳል። ስለዚህ አንድ ፈረስ ሲሞት የሚጎድለው የአንድ ቤተሰብ ጉልበት ነው።

ይህን ሀብት እጅግ ከሚያሰጉት ደዌዎች አንዱ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። ትኩሳት፣ ከዐይን በላይ የሚታይ እብጠት፣ የትንፋሽ እጥረትና ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ምልክቶቹ ናቸው። ሳንባን በሚያጠቃበት ጊዜ ከመቶው ከ90 የሚበልጡትን ፈረሶች ሊገድል ይችላል። የሚያስተላልፉት ደም መጣጭ የሆኑ ጥቃቅን ትንኞች ስለሆኑ፣ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚህ ወቅት የተከተበ ፈረስ ሲሞት፣ ባለቤቱ ባለሙያውን ይወቅሳል፤ ባለሙያውም መድኃኒቱ ሙቀት አግኝቶት ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሌላው ምክንያት በቫይረሱ በራሱ አካል ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ነገሩን ለመረዳት ከሁለት የታወቁ በሽታዎች ጋር እናነጻጽረው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያስከተለው የደስታ በሽታ ቫይረስ፣ በክትባት ረገድ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ስለሆነም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ካዘጋጀው አንድ ዘር የተሠራው ክትባት በሁሉም ስፍራ አገልግሎ፣ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ደግሞ ገዳይነቱን የሚያገኘው ፕላዝሚድ ከተባሉ ሁለት የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበቶች ነው፤ አንዱ መርዙን፣ ሌላው መከለያ ልባሱን ያስገኛል። ማክስ ስተርን በደቡብ አፍሪካ በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የለየው ዘር ልባሱን የሚሠራው ቀለበት የጎደለው በመሆኑ፣ ሳይገድል መከላከያ ይሰጣል። ክትባቱ ለብዙ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ነበር ሞሌኪውላዊ ሥነ ሕይወት ምክንያቱን የገለጠው።

የፈረሱ በሽታ ቫይረስ ግን ጠባዩ ልዩ ነው። የዘር መልእክቱ በ10 የተቆራረጡ ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ሁለተኛው ቁራጭ የውጭ ልባሱን ዋና ፕሮቲን ያዛል። የፈረሱ አካል ቫይረሱን የሚያመክነው በተለይ ይህን ፕሮቲን ለይቶ በማወቅ ነው። ፕሮቲኑ እየተለያየ በመሄዱ 9 የቫይረሱ ዓይነቶች ይታወቃሉ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት በቢሾፍቱ ሲመረት የኖረው ክትባት ከዓይነት 9 የተዘጋጀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 እስከ 2010 በተነሡ ወረርሽኞች ላይ የተደረገው ምርመራ ግን ከ9 ሌላ ዓይነት 2፣ 4፣ 6 እና 8 በኢትዮጵያ መኖራቸውን አሳየ። የዓይነት 9 ክትባት ለዓይነት 6 በከፊል ሊጠቅም ቢችልም፣ ለ2 ወይም ለ4 አስተማማኝ ጋሻ አይሆንም።

እንግዲህ ዓይነቱን በምን እንለየው? መሣሪያዎቹን ያበረከቱልን ራሳቸው ቫይረሶችና ባክቴሪያዎች መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው። አር.ኤን.ኤ.ን ወደ ዲ.ኤን.ኤ. የሚገለብጠው ኤንዛይም በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተገኘው በቫይረሶች ውስጥ ነው። ዲ.ኤን.ኤ.ውን በከፍተኛ ሙቀት የሚያባዛው ሌላው ኤንዛይም ደግሞ በአሜሪካ ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የመጣ ነው። ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ፒ.ሲ.አር. የተባለው ዘዴ በእነዚህ እየተረዳ፣ በሕዋስ እርባታ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረውን የመለየት ሥራ በሰዓታት ለመፈጸም አስችሏል።

ነገር ግን ናሙና ካልደረሰው መሣሪያው ምንም አይሠራም። ዋናው ማሳሰቢያዬም ይኸው ነው። ፈረሱ ትኩሳት ላይ ሳለ፣ ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ ብልቃጥ ደሙን እንውሰድ፤ ከሞተም ከሳንባውና ከጣፊያው እንቁረጥ። ናሙናው በበረዶ መያዣ ሣጥን በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀዝቅዝ እንጂ ወደ በረዶነት አይለወጥ። ሕያው ክትባት ራሱ በደም ውስጥ ሊገኝና ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ፈረሱ መቼ እንደ ተከተበ በጽሑፍ ይያያዝ። ከዳንግላም ሆነ ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ሰበታ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው።

ባልደረቦቼ፤ «የፈረስ በሽታ ገብቷል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ የሥራችን መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። የትኛው ዓይነት እንደ ገባ ሳናውቅ የምንወጋው መርፌ በዕድል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዕድሉም ሲከፋ የሚከፍለው ፈረሱን ያጣው ገበሬ ነው። ዓይነቱን የሚያውቅ ባለሙያ ግን የሚበጀውን ክትባት አስረድቶ ሊጠይቅ፣ አምራቹም የሚያመርተውን በማስረጃ ሊወስን ይችላል።