ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፦ የሶጆርነር ትሩዝን ንግግር ስለ መድገም



የሌላውን ንግግር በራሳችን አነጋገር ስናቀርብ ቃሉን መለወጥ እንችላለን፤ ሙግቱን ግን መለወጥ አንችልም። የጾታ መድልዎን የሚቃወም ንግግር ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ተናጋሪዋ ብዙ ጊዜ የባላጋራዋን ሐሳብ አንሥታ በዚያው ሐሳብ ትረታዋለችና። ለዚህ የሴቶች መብት ተሟጋቿ የሶጆርነር ትሩዝ ንግግር ጥሩ አብነት ነው።

ትሩዝ እ.ኤ.አ. በ1797 ገደማ በኒውዮርክ ግዛት በባርነት ተወለደች፤ አፏን የፈታችውም በደች ቋንቋ ነው። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ስለዚህ በግንቦት 1851 ኦሃዮ ውስጥ በአክሮን ከተማ በተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ የተናገረችው የደረሰን በሌሎች ብዕር ነው። ማሪየስ ሮቢንሰን የተባለ ጋዜጠኛ ንግግሯን ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ በጋዜጣ አወጣው።

በእርሱ ዘገባ መሠረት ትሩዝ እንደ ወንድ ማረሷን፣ ማጨዷንና መፍለጧን ከተናገረች በኋላ ስለ አእምሮ ወደሚነሣው ክርክር ትሻገራለች። የሴት አእምሮ አንድ ፒንት፣ የወንዱ ደግሞ እጥፉን፣ ማለትም አንድ ኳርት የሚይዝ ከሆነ፣ ሴቲቱ ያቺኑ ፒንቷን እንዳትሞላ ለምን ትከለከላለች? ከመስፈሪያዋ በላይ መውሰድ አትችልምና መብቷን መስጠት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሔዋን ዓለምን ገልብጣው ከሆነም መልሳ እንድታቃናው ለሴት ዕድል ይሰጣት።

ይህን «ትሩዝ የሴት አእምሮ ከወንድ ያንሳል አለች» ብሎ የሚያሳጥር ሰው ንግግሩን ገልብጦታል። ግምቱ የተቃዋሚዎቿ ነው፤ የእርሷ የሆነው ከግምቱ የተነሣው ጥያቄ ነው።

ሌላው ስሕተት ከአድናቆት ይመጣል። ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ የራሷን ቅጂ ያሳተመችው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ነው። የኒውዮርኳን ተወላጅ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ባሮች አነጋገር አናገረቻት። በሮቢንሰን ዘገባ የሌለውን፣ «እኔስ ሴት አይደለሁም?» የሚለውን አዝማች ደጋገመችላት። በ1850 የታተመው የሕይወት ታሪኳ የአምስት ልጆች እናት ሲላት፣ ጌጅ አሥራ ሦስት አደረገቻቸው። ዓለም አጥብቆ የያዘው ይህንኑ የጌጅን ቅጂ ነው፤ ብዙ አንባቢም ትሩዝን የደቡብ ሴት አድርጎ ይስላታል።

የሮቢንሰንም ዘገባ ቃል በቃል የተቀዳ አይደለም። እርሱ ግን ንግግሩ በአዳራሹ ያሳደረውን ስሜት ወረቀት ላይ ማስፈር እንደማይቻል አስቀድሞ ተናግሯል። ጋዜጠኛም ተማሪም ከእርሱ ሊማር ይገባል፦ የተቃዋሚውን ግምት ከተናጋሪዋ አቋም ይለይ፤ ያላለችውን ለማሳመር ሲል አይጨምርላት፤ ዘገባው የጎደለውንም ለአንባቢ ይንገር። ለሴት መብት የተነሣ ሙግት በራሱ ጉልበት መቆም የሚችለው የሚደግመው ሰው በልኩ ሲያቀርበው ነው።