መምረጥ ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው ወይ?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ምርጫ ነው። ምርጫ ሲደርስ አንዳንድ ሰው፣ «ያልተማረ ሰው ስለ መንግሥት ምን ያውቃል? ለሚያውቁት ቢተውላቸው ይሻላል» ይላል። አንዳንዱም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ምኑን አውቄ እመርጣለሁ?» ይላል። ይህ ነገር እውነት ነው ወይ? እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ስለ መምረጥ ይናገራል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት አለው ይላል። ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሐኪሙ ድምፅ አንድ ነው። የገበሬዋም ድምፅ አንድ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንትና ሹሞች ይምረጡለት ይል ነበር። ሕዝቡ ራሱ የመረጠው በ1950 ዓ.ም. ነው። «እስኪበቃ ድረስ» ሲባል 27 ዓመት አለፈ! በቃህ የሚለውስ ማን ነው?

በአሜሪካ አገር በደቡብ በኩል መራጩን በማንበብ ይፈትኑት ነበር። ፈታኞቹ ነጮች ነበሩ። ጥቁሩን በከባድ ጥያቄ እየጣሉ ከምርጫ ያስቀሩት ነበር። ይህን ፈተና የሚያስቆም ሕግ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ነው። ህንድ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። በ1951 እና በ1952 የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ስታደርግ፣ ከአምስት ሰው አራቱ ማንበብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ለየተወዳዳሪው ሣጥን ቀረበ፤ በሣጥኑም ላይ ምልክት ተለጠፈ። ሕዝቡ ምልክቱን እያየ መረጠ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመስኖ ውኃ በተራ በሚከፈልበት ቀበሌ የውኃ አባት ስትመርጡ፣ መራጩ ማንበብ ይችል እንደሆነ ትጠይቃላችሁ? አትጠይቁም። የምትጠይቁት ሰውየው እንዳያዳላ ነው። ማዳበሪያ ሲወደድ ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ፣ የተማረውንና ያልተማረውን ለይቶ አልነካም። መከራው ሁሉንም ከነካ፣ ምክሩም የሁሉም መሆን አለበት።

ታዲያ ምንም ሳያውቁ መምረጥ ጥሩ ነው? አይደለም። አለማንበብና አለመጠየቅ ይለያያሉ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበረ፤ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት። ንብ ማር ይሰጣል ብሎ ብቻ ንብን የመረጠ ሰው አልጠየቀም። ጎረቤቴ ሁለት ጣት አነሣ ብሎ ብቻ ሁለት ጣትን የመረጠም አልጠየቀም። ምልክት የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ምን እንደሚሠራ ግን አይናገርም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለም?

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ያዙ።

አንደኛ፦ ይህ ሰው ማን ነው? ከዚህ በፊት ምን ሠራ?

ሁለተኛ፦ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሰላም ምን አደርጋለሁ ይላል? ገንዘቡን ከየት ያመጣል?

ሦስተኛ፦ የምመርጠው ለየትኛው ምክር ቤት ነው? በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ አንዱ ወረቀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነበር፤ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ሥራቸው የተለያየ ነው።

አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም ጠይቁ። ጠይቆ ጠይቆ «አሁንም አልገባኝም» ያለ ሰው ምርጫውን ቢተወው አይወቀስም። ይህን የሚወስነው ግን ራሱ ነው፤ ጎረቤት ወይም ሹም «አንተ ቅር» ሊለው አይችልም።

እንዲህ ከሆነ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? ማንበብ የማይችል ሰው «ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊ» ቢሉት ላያውቅ ይችላል። የሚያነብ ሰው ግን ስሙን ራሱ ያገኘዋል። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው፤ ምስጢሩን ለመጠበቅ ፊደል ይረዳችኋል። ባልም ለሚስቱ፣ ልጅም ለእናቱ አይመርጥም።

አሁን ደብተራችሁን ክፈቱ። እነዚህን ቃላት አብረን እናንብብ።

ድ–ም–ፅ፤ ድምፅ።

ም–ስ–ጢ–ር፤ ምስጢር።

ተ–ወ–ካ–ይ፤ ተወካይ።

ከዚያም ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ «ጠይቄ፣ ተረድቼ፣ ድምፄን እኔ እሰጣለሁ።»

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።